ጭሱ ውስጥ የጠራሁት ስም

ፊልም ሠርቻለሁ ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ቡሬ ታይፒስት ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አራት ሆነን በአንድ የሰርግ ካሜራ የጭራቅ ፊልም ሠርተናል። አስፈሪም አስቂኝም እንዲሆን ነበር ሐሳባችን። አስፈሪነቱ ተሳክቶልናል። ከዚያ ወዲህ ጤና አዳም የሸተተኝ ቤት ውስጥ ቁጭ ማለት አልችልም፤ ሰበብ ፈልጌ ውልቅ ነው።

ካሜራው ሰርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ የአንድ ሰው ነበር። ካሜራው የሱ ስለሆነ ዳይሬክተሩም እሱ ሆነ፤ ማን ይከራከረዋል? ድርሰቱን የጻፈው የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ውሸት መናገር ጨርሶ የማያውቅበት ሰው። ጭራቁ የስፖርት አስተማሪው ነበር፤ ቁመቱን አይተን ነው የመረጥነው። ሴቷ እኔ ነኝ። የተዋወቅነው በጸረ ኤድስ ክበብ ድራማ ላይ ነው። እዚያ በየሳምንቱ መድረክ ላይ ስሞት ከርሜ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው የሚስቅበት ነገር እንሥራ ብዬ ነገሩን ያፋፋምኩት እኔው ነኝ። ምላሴን ያኔ በቆረጠው!

ታሪኩ ቀላል ነው። ጭራቅ ከጫካ ወርዶ ገበያ ይገባል፤ ቅቤ ይልሳል፣ የሰው ባርኔጣ ይበላል። ቀበሌው ይሰበሰብና ሦስት ፈሪዎችን መርጦ የጭራቅ መከላከል ኮሚቴ ያቋቁማል። ፈሪዎቹ በዱላ ይሞክራሉ፣ በድንጋይ ይሞክራሉ፣ አይሆንም። በመጨረሻ የሚያሸንፉት ግምገማ ላይ አስቀምጠው ነው። ሂስና ግለ ሂሱ ሲረዝምበት ጭራቁ ራሱ «በቃኝ፣ ግደሉኝ» ብሎ ይለምናል። ይሄን ስናነብ እንባችን እስኪወርድ ስቀናል። በር ዘግተን ነበር ታዲያ የሳቅነው።

ለጭራቁ ሁለት የፍየል ቆዳ አለበስነው፤ የበሬ ቀንድ አሰርንለት። ደሙ የቀይ ሥር ውኃ ነው። ፊቱ ነው ያስቸገረን። በካርቶን ሞከርን፤ የስፖርት አስተማሪው ላብ አርሶ ገነጣጠለው። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ ከወንዙ ማዶ የምትኖር አንዲት ሸክላ ሠሪ ዘንድ ሄጄ፣ የሸክላ ፊት እንድትሠራልን ለመንኳት።

ሸክላ ሠሪ በኛ አገር ምን እንደምትባል የማያውቅ የለም። ሰው ጋኑንና ድስቱን ከእጇ ይገዛል፤ ልጅ ሲታመምበት ደግሞ ጣቱን ወደሷ ይቀስራል። ቡዳ ናት፣ በዓይኗ በላችብኝ ይላል። እኔ ተምሬያለሁ ባይ ስለነበርኩ አላምንም እል ነበር። ሴትዮዋ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ፣ እጇ እስከ ክርኗ በጭቃ የተለወሰ ሴት ናት። የሠራችልን ፊት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ምላሱን ያወጣ ጭራቅ ነበር። ልወስደው የሄድኩ ቀን፣ «ይኸን ያየ ሰው ይፈራል ወይስ ይስቃል?» አለችኝ። «ሁለቱንም» አልኳት። «እንግዲያ ሆኖልኛል» አለችና እሷም እንደ ጭራቁ ምላሷን አወጣችልኝ። ሳቅን። ስሟን የጠየቅኳት ያን ጠዋት ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የምንቀርጸው እኔ የምታጠንበትን ክፍል ነበር። በድርሰቱ ጭራቁ ይነክሰኛል፤ አዋቂ መጥቶ ያጥነኛል፤ ጭሱ ሲበረታብኝ ያመመኝ ነገር በኔው አፍ ይለፈልፋል። በእውነትም የሚደረገው እንዲሁ ነው። ቡዳ በላው የተባለ ሰው ተሸፋፍኖ ይታጠናል፤ «ማን ነህ?» ይባላል፤ ጭሱ ውስጥ ሆኖ የጠራው ስም የበላተኛው ስም ነው። የኔ ቃል ግን ተጽፎልኝ ነበር። «የጭራቁ አማት ነኝ፤ ሰርጉ ላይ ሳልጠራ ቀርቼ ነው!» ነው የምለው።

አዋቂውን የሚጫወተው የሒሳብ አስተማሪው ነበር። ለሱ ደግሞ ሁሉም ነገር ልክ መሆን አለበት። እውነተኛ ጤና አዳም፣ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ፣ የአሮጌ ጫማ ቁራጭ ይዞ መጣ። ጋቢ ከናነቡኝና ከሥር አጨሱብኝ። ኧረ በማርያም! ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ራሴ ዞረ። «ማን ነሽ?» አለ። ቃሌ ድርግም ብሎ ጠፋኝ። የጭራቁ ምኑ ነበርኩ? ሚስቱ? አክስቱ? በጋቢው ሥር ሳይ የሸክላው ፊት መሬት ላይ ተቀምጦ ምላሱን አውጥቶብኛል። የሠሪዋ ስም አፌ ላይ መጣና ጠራሁት። «እገሊት ነኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ እገሊት ብዬ ግን አይደለም፣ ስሟን ነው። የሒሳብ አስተማሪው ደነገጠ፤ እንዳይቋረጥ ብሎ ግን ቀጠለ። «ለምን በላሻት?» አለ። «ሥራዬን ተሸክማ እግዜር ይስጥሽ እንኳ ሳትለኝ ሄደች!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ቆርጦ መቀጠል የሚባል መሣሪያ አልነበረንም። በቅደም ተከተል መቅረጽ ነው፤ ከተበላሸ ካሴቱን ወደኋላ መልሶ በላዩ መቅረጽ ነው። ዳይሬክተሩ ባትሪውን አየና «ለዛሬ አልቋል፤ ደግሞ ከተጻፈው ይሄኛው ይሻላል፣ ይቅር» አለ። ተስማሙ። እኔም አዎ አልኩ። ሴትዮዋ ትዝ እንኳ አላለችኝም።

ፊልሙ የታየው እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጭራቁ ባርኔጣ ሲበላ አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ባርኔጣ አውልቀው ብብታቸው ሥር ሲሸጉጡ አየሁ፤ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ የኔ ክፍል መጣ። ጭሱ ታየ፤ እኔ ተንፈራገጥኩ፤ ስሟን ጠራሁ። ሳቅ ስጠብቅ ቤቱ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት «በስመ አብ ወወልድ» አለች። የሚስቅ የነበረው የስፖርት አስተማሪው ብቻ ነው፤ እሱም ወዲያው ተወው።

«መልሰው እስቲ» አለ አንድ ሰው። መለሱት። እንደገና መለሱት። ሦስት ጊዜ የኔን ዓይን አዩ። ያ ቀልቶ የተገለበጠው ዓይኔ በጭስ መሆኑን ለማን ልንገር? «ይኸ ማስመሰል ነው? እዩት ዓይኗን!» ተባለ። «ልትጫወት ገብታ እውነቱ ያዛት» ተባለ። የሒሳብ አስተማሪው ተነሥቶ ድርሰት መሆኑን፣ ራሱ እንደጻፈው አስረዳ። ያ ካሴቱን ያስመለሰው ሰውዬ እስኪጨርስ ሰማውና፣ «የሴትዮዋን ስም አንተ ነህ የጻፍከው?» አለው። ምነው አዎ ቢል! ይኼ ሞኝ ሰው መነጽሩን ጠረገና፣ «አይ፣ እሱን እንኳ ራሷ ናት ያመጣችው» አለ። አለቀ።

ቪዲዮ ቤቱ ሳምንቱን ሙሉ ይኼንኑ አሳየ። ከጅጋ ድረስ የመጣ ሰው ነበር። ስለ ጭራቁ የሚያወራ አልነበረም፤ ስለ ዓይኔ ነው። ዳይሬክተሩን ለምኜው ካሴቱ ላይ የሰው ሰርግ ቀረጸበት፤ ግን ማየት ያለበት ሁሉ አይቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ሁለት ሕፃናት ታመሙ።

አንድ ቀን የቢሮው ዘበኛ ሰው ይፈልግሻል አለኝ። ወጣሁ። ሸክላ ሠሪዋ ናት። አጥሩን ታክካ ቆማለች። ነጠላዋን ወደ ታች አጣፍታለች። በዕድሜ እናቴ ባትሆን ታላቅ እህቴ ናት፤ አንቱ አለችኝ።

«እመቤቴ፣ ምን በደልኩዎ?»

«ጨዋታ ነበር እኮ! በእግዚአብሔር፣ ጨዋታ ነው!» አልኳት።

«አውቃለሁ። ጭራቁን የሠራሁት እኔ አይደለሁ?» አለች። አልሳቀችም። «ሦስት ገበያ ሆነኝ አንድ ድስት ከሸጥሁ። እሱስ ይሁን። ጎረምሶቹ ቤቴ ድረስ መጥተው ነገሩኝ። ስምሽ ጭስ ውስጥ ዳግመኛ ከተጠራ ቤትሽን ከነልጆችሽ እናነደዋለን አሉኝ። አንድ ጊዜ ይሳሳታል፣ ሁለት ጊዜ ግን አይሳሳትም አሉኝ።» ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትነካ ስትል ወደኋላ ሸሸሁ። «አደራዎን፣ ዳግመኛ አይጥሩኝ።»

ማታውን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ አከራዬን ይዤ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄድኩና፣ እኔው ነኝ ያልኩት፣ ውሸቴን ነው፣ ለሰው ይንገሩልኝ ብዬ አለቀስኩባቸው። አዛውንቱ ራሴን ደባበሱኝ። «ልጄ፣ አንች አልተናገርሽም። ባንች ላይ የነበረው ነው የተናገረው። ያላልሽውን አንች እንዴት ታስተባብይዋለሽ?» አሉኝ። በር የሌለው ቤት ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ውሸት ነው ባልኩ ቁጥር እውነት እየሆነ ሄደ።

ከዚያ ታመምኩ። በሥራ ሰዓት፣ የታይፕ መኪናው ላይ ጣቶቼ እየተንቀጠቀጡ ፊደል ይስቱ ጀመር። ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ወባ መሆኑን ወዲያው ነው ያወቅኩት፤ የውጊያውን ክፍል ልንቀርጽ ቆላው ወንዝ ዳር ሦስት ቀን ከርመን ትንኝ ሲግጠን ነበር። እኔ ወባ ስል ሌላው ሰው ግን አንገቱን ነቀነቀ። አከራዬ ፍኖተ ሰላም እናቴ ዘንድ ላከች።

እናቴ በማግስቱ ደረሰች። ደጋግማ ሳመችኝ። «ጤና ጣቢያ ውሰጅኝ» አልኳት።

«አብደሻል? መርፌ ሊወጉሽ? ቡዳ የበላው ሰው መርፌ ከነካው በዚያው ይቀራል። መጀመሪያ ትታጠኛለሽ፤ ለፍልፈሽ ሲለቅሽ እወስድሻለሁ።»

«እማየ፣ ወባ ነው!»

«እሺ፣ ወባ ነው» አለች፤ ለሕፃን እንደሚባለው ዓይነት እሺ።

ደሜ ውስጥ ካለው ትኩሳት ይልቅ ያንቀጠቀጠኝ ይሄ ነው። ስቃዥ እንደምለፈልፍ አከራዬ ነግራኛለች፤ ሌሊት ምን እንዳልኩ ብጠይቃት ግን ዓይኗን ሰበረች። ያቺ ሴት ስም ምላሴ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ይታወቀኛል። እርሳው ባልኩ ቁጥር እሱን ብቻ ነው የማስበው።

ከሰዓት በኋላ አጣኙ መጡ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ምንኛ በቀለለኝ! ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸው ለስላሳ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ» የሚሉ። ከሰል አስቀመጡ፣ ቅጠሉን በተኑበት፣ ብርድ ልብሱን ከነራሴ ከናነቡኝ። ከመከናነቤ በፊት በሩን አየሁት። ግቢው ሞልቷል። ዱላ የያዙ ጎረምሶች ደፉ ላይ ተደርድረዋል፤ ከፊት የቆመው ሰውዬ ያ ካሴቱን ያስመለሰው ነው። እግሩ ሥር ቢጫ ጄሪካን አለ። ላምባው ሸቶኛል። የሚጠብቁት የኔን አፍ ነው።

ጭሱ ገባ። «ማን ነሽ?» አሉ አጣኙ። ብርድ ልብሱን በጥርሴ ነከስኩ። «ከየት መጣሽ? ማንን ይዘሽ መጣሽ?» ዝም። ጭሱን አራገቡት። ሳልኩ፣ ተፋሁ፣ ተንፈራገጥኩ፤ እናቴ ትከሻዬን ይዛ፣ «ተናገሪ ልጄ! ስሟን ጥሪና ዳኚልኝ! ባጠባሁሽ ጡት!» እያለች ታለቅሳለች። ያ ምላሱን ያወጣ ፊት ከከሰሉ ውስጥ መጣብኝ። ስሟ ጉሮሮዬ ድረስ ወጣ። የመጀመሪያው ፊደል ከአፌ አምልጧል፤ እምላለሁ፣ አምልጧል፤ በሳል ዋጥኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ዝም ብል ደግሞ ጭሱ እንደማያቆም አየሁ። ሌላ ስም ልጥራ አልኩ። ማንን? ያቺ የድርሰቱ ቃል ያኔ ትዝ አለችኝ፤ የጭራቁ አማት። ግን መንደሩ ሙሉ አማት ነው፤ አንዷን ፈልገው ማግኘታቸው አይቀርም። የማንንም ስም ብጠራ የአንድ ሰው ቤት ይነዳል። የሚነድ ቤት የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ምላሴ ላይ ያለውን ስም በሌላ መቀየር ነበረብኝ፤ ከሷ ስም ሌላ አጥብቄ የማውቀው ስም የራሴን ብቻ ነበር።

የራሴን ስም ከነአባቴ ጠራሁ። «እኔ ነኝ የበላኋት! እኔው ነኝ!» አልኩ።

እናቴ ትከሻዬን ለቀቀችው።

አጣኙ ብርድ ልብሱን ገለጡና ፊቴን አዩኝ። «ራሷን?» አሉ። «ራሷን የበላች… እኔ እንጃ፤ እንዲህ ያለውን አላየሁም» ብለው ማራገቢያቸውን አስቀመጡ። ግቢው ተንጫጫ። «ታዲያ ያን ጊዜስ?» አለች አንዷ። ባለ ጄሪካኑ ትንሽ አሰበና፣ «ያን ጊዜማ በሰው ስም ተደብቃ ነዋ! እሷው ኖራለች!» አለ። ሁሉም ወደ ክፍሌ ዞረ። ሰውዬው ጄሪካኑን አነሣ። ያኔ አከራዬ ሁለት እጇን ዘርግታ በሩ ላይ ተገትራ፣ «ቤቱ የኔ ነው! ካርታው በኔ ስም ነው! ነክታችሁኝ!» ብላ እሪ አለች። ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቆይተው፣ አንድ አንድ እያሉ ወጡ። ፊልማችን ውስጥ ቢሆን ሰው ይስቅበት ነበር።

ከዚያ በኋላ መርፌውን የሚከለክል ነገር አልነበረም፤ ቡዳዋ እኔ ከሆንኩ እኔን ምን ያደርገኛል? ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፤ ወባ ነው አሉ፤ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ዳንኩ። ሸክላ ሠሪዋ ድስቷን መሸጥ ጀመረች ሲሉ ሰማሁ። እንኳን ልታመሰግነኝ፣ ዘወር ብላም አላየችኝ። ለምን ታመስግነኝ? መዘዙን ያመጣሁባት እኔ።

ቢሮ ስመለስ ግን ለሰዉ ሁሉ ሌላ ሰው ሆኛለሁ። አብረን ምሳ የምንበላ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ በአንድ ሳምንት ሁለቱም ጾመኛ ሆኑብኝ። በሩን ሳልፍ ዘበኛው ቆሎውን ኪሱ ይከታል። የሒሳብ አስተማሪው ብቻ መጥቶ፣ «በኔ ምክንያት ነው» ብሎ አለቀሰ፤ ሻይ ልጋብዘው ስል ግን ክፍል አለኝ አለ። ውሸት እንደማያውቅበት ነግሬያችኋለሁ፤ ፊቱ ቀላ። አከራዬ ክፍሉን ልቀቂ አለችኝ። መልቀቂያዬን ራሴ ታይፕ አድርጌ አስገባሁ።

እናቴ ከኔ ጋር ቆይታ ዕቃዬን ጠቀለለችልኝ። መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡሱ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ከኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ መስኮቱ በሷ በኩል ነበር። ከሕመሜ ጀምሮ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አላነሣችም። ታጥበኛለች፣ ታበላኛለች፣ መድኃኒቴን ታስውጠኛለች፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድ እሷ ቀረችልኝ ብዬ ነበር። ሲርበን ከዘንቢሏ ዳቦ አወጣችና ገምሳ ለኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣለችና ጫፉን ወደ ታች ጎትታ፣ ከሥሩ መብላት ጀመረች።

ዳቦው እጄ ላይ ቀረ። ጥላ ይሆናል አልኩ፤ ፀሐይ አስቸግሯት ይሆናል። ፀሐይ ግን በኔ በኩል ነበር።

«እማየ» አልኳት።

ማኘኳን አቆመች። ነጠላዋን ሳትገልጥ፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «በኔ በኩል የለም፤ በአባትሽ በኩል ይሆናል» አለችኝ።

ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ ወደኔ አልዞረችም።